ማኅደረ እግዚአብሔር ሆኖ መኖር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲደርስ በደጁ ይሳለማል፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ጫማውን ያወልቃል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ለመግባት የማያበቃው ነገር ካለም በውጭ ቆሞ ይጸልያል። ይህ ሁሉ ክብር ለድንጋዩና ለእንጨቱ የሚሰጥ ሳይሆን ስሙ በዚያ ለሚቀደስበት አምላክ የሚቀርብ ነው። ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ሥርዓት ስለሆነ ልንጠብቀው ይገባናል። ነገር ግን ያው ክርስቲያን ከቅጽሩ ወጥቶ ወደ ቤቱ፣ ወደ ሥራ ቦታውና ወደ ገበያው ሲሄድ እግዚአብሔርን በመቅደሱ ትቶት የወጣ ከመሰለው፣ የተሳለመው ደጅ ራሱ የሚያስተምረውን ትምህርት ገና አላስተዋለም ማለት ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ለነበሩ ምእመናን በጻፈው መልእክቱ እነርሱ ራሳቸው የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንደሆኑና መንፈስ ቅዱስም እንዳደረባቸው አስታውሷቸዋል (1ኛ ቆሮ. 3፥16-17፤ 6፥19-20)። ይህን የጻፈው ለበረሃ መነኮሳት ወይም ለፍጹማን ብቻ አልነበረም። በመካከላቸው ክርክር፣ ዝሙትና መለያየት ይታይ ለነበረ፣ በንግድና በብዙ አማልክት አምልኮ በታወቀች ከተማ ለሚኖሩ ክርስቲያኖች ነው። እንግዲህ ማኅደረ እግዚአብሔር መሆን ለጥቂቶች የተተወ ማዕርግ ሳይሆን የተጠመቀ ሰው ሁሉ የተጠራበት ሕይወት ነው። በዚህ ጽሑፍም እግዚአብሔር በሰው ያድራል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ ይህ ክብር እንዴት እንደተሰጠን፣ እንዴትስ እንደሚጠበቅና በኀጢአት ሲጎድፍ እንዴት እንደሚታደስ እንመለከታለን።

እግዚአብሔር «ያድራል» ሲባል

እግዚአብሔር ምሉዕ በኵለሄ ነው፤ እርሱ የሌለበት ቦታ የለም። ጠቢቡ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን በሰባት ዓመት ሠርቶ ሲፈጽም (1ኛ ነገ. 6፥38) በጉባኤው ፊት ባቀረበው ጸሎት፣ ሰማያትና የሰማያት ሰማይ እንኳ የማይወስኑትን አምላክ የሠራው ቤት እንደማይወስነው መስክሯል (1ኛ ነገ. 8፥27)። ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስም ልዑል የሰው እጅ በሠራው እንደማይወሰን በአይሁድ ሸንጎ ፊት ተናግሯል (ሐዋ. 7፥48)። ስለዚህ «ያድራል» የሚለው ቃል ቀድሞ ያልነበረበት ቦታ መጣ ማለት አይደለም። በሁሉ ያለው አምላክ በጸጋው፣ በረድኤቱና በበረከቱ ለሰው ራሱን ይገልጣል፤ ሰውም ለፈቃዱ ይገዛል ማለት ነው።

ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እግዚአብሔር ፍጥረቱን ሁሉ በመግቦቱ የመላበት ህላዌው ነው፤ ይህ ለኃጥኡም ለጻድቁም፣ ለግዑዙም ለሕያውም የጋራ ነው። ሁለተኛው በቅዱሳንና በምእመናን በጸጋ ማደሩ ነው፤ ይህም ፈቃድንና እምነትን ይጠይቃል። ሦስተኛው ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየው የእግዚአብሔር ቃል ሥጋዌ ነው። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ እግዚአብሔር ያደረበት ሰው አይደለም፤ በተዋሕዶ ሰው የሆነ አምላክ ነው እንጂ። ንስጥሮስ ይህን ልዩነት አፍልሶ በክርስቶስ ኅድረትን ስላስተማረ በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን የተሰበሰቡ አባቶች አውግዘውታል። እኛ በጸጋ ማደሪያ ብንሆንም በባሕርይ አምላክ አንሆንም፤ እርሱ ግን በባሕርዩ አምላክ ሲሆን እኛን ማደሪያው ለማድረግ ሥጋችንን ተዋሐደ። የእኛ ክብር ሁሉ በእርሱ ትሕትና የተገኘ ነው።

ከደብተራ ኦሪት እስከ ሐዲስ ኪዳን

እግዚአብሔር ከሰው ጋር ሊኖር መፈለጉ ከጥንት የታወቀ ነው። አዳም በበደለ ጊዜ ከፊቱ ተሸሸገ እንጂ እግዚአብሔር አዳምን ከመፈለግ አልተወም፤ ወዴት እንዳለ እየጠየቀ በገነት ፈለገው (ዘፍ. 3፥8-9)። እስራኤልን ከግብፅ ባወጣቸው ጊዜም በመካከላቸው ያድር ዘንድ መቅደስ እንዲሠሩለት ሙሴን አዘዘው (ዘፀ. 25፥8)። ሕዝቡ በድንኳን በሚኖሩበት ዘመን የእርሱም ማደሪያ ድንኳን ሆነ፤ ሲጓዙ አብሮ ይጓዝ ነበር። ድንኳኑ በተፈጸመ ጊዜ ደመና ሸፈነው፤ ክብሩም ስለመላው ሙሴ እንኳ መግባት አልቻለም (ዘፀ. 40፥34-35)።

ይህ ሁሉ ጥላ ነበር። ጥላው የሚያመለክተው አካል በተገለጠ ጊዜ የእግዚአብሔር ወልድ ማኅደር የሆነችው በወርቅ የተለበጠች ታቦት ሳትሆን ንጽሕት ድንግል ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ለማርያምን ስታከብር፣ እመቤታችን በ3 ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ መግባቷንና 12 ዓመት በዚያ መኖሯን ታስባለች። በመቅደስ ያደገችው እርሷ ራሷ አማናዊት መቅደስ ሆነች። በእርሷ ያደረው በጸጋ ብቻ አይደለም፤ ከሥጋዋ ሥጋ፣ ከነፍሷ ነፍስ ነሥቶ ነው። ስለዚህ ማንም ከእርሷ ጋር አይተካከልም። ይሁን እንጂ ለእግዚአብሔር ማደሪያ መሆን ምን እንደሚመስል ለመማር የሚፈልግ ሁሉ የእርሷን ንጽሕና፣ ትሕትናና ለመልአኩ ቃል የሰጠችውን የእሺታ መልስ ይመልከት (ሉቃ. 1፥38)። እግዚአብሔር ያለ ፈቃዷ አላደረባትም፤ በእኛም ያለ ፈቃዳችን በጸጋ አያድርም።

በሜሮን የከበረ ሰውነት

አንድ ሕንፃ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ጉልላቱ ቢያብረቀርቅ፣ ሥዕሉ ቢደምቅ፣ ታቦት እስኪገባበትና በጳጳስ ጸሎትና ቡራኬ በቅብዐ ሜሮን እስኪከብር ድረስ አዳራሽ እንጂ ቤተ መቅደስ አይባልም። ከከበረ በኋላ ግን መልሰው ለሌላ አገልግሎት አያውሉትም። ጻሕሉ፣ ጽዋውና መሶበ ወርቁም እንደዚሁ ናቸው፤ ከመባረካቸው በፊት ተራ ዕቃ ነበሩ፤ ከተባረኩ በኋላ ግን ለተለዩለት አገልግሎት ብቻ የሚውሉ ንዋየ ቅድሳት ናቸው።

የተጠመቀ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ በሥላሴ ስም ይጠመቃሉ። ከጥምቀቱ በኋላ ካህኑ ግንባራቸውን፣ ዐይናቸውን፣ ጆሯቸውን፣ አፋቸውን፣ እጅ እግራቸውንና ሌሎቹንም ሕዋሳት በሜሮን ያትማል። በዚሁ ቀን ሥጋ ወደሙን ይቀበላሉ፤ ማዕተብም ይታሰርላቸዋል። ይህን ሥርዓት ከቤተ መቅደሱ መክበር ጋር አስተያይተን እንመልከተው። መቅደሱ በሜሮን ይከብራል፤ ሕፃኑም በሜሮን ይከብራል። በመቅደሱ ሥጋ ወደሙ ይፈተታል፤ በሕፃኑም ሰውነት ያው ሥጋ ወደሙ ያድራል። እንግዲህ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ሰውነት ለእግዚአብሔር የተለየ ንዋየ ቅድሳት ነው። ዐይኑም፣ እጁም፣ አንደበቱም ተራ ዐይን፣ ተራ እጅ፣ ተራ አንደበት አይደሉም።

ንጉሥ ብልጣሶር ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም መቅደስ ማርኮ ያመጣቸውን የወርቅና የብር ዕቃዎች ለመጠጥ ግብዣ ባዋላቸው ጊዜ በግድግዳው ላይ የጻፈችው እጅ ታየች፤ በዚያችም ሌሊት ተገደለ (ዳን. 5)። በደሉ ስካር ብቻ አልነበረም፤ ለእግዚአብሔር የተለየውን ለመዳራት ማዋሉ ነው። በሜሮን የታተመ ዐይን በስልክ መስኮት የሚያሳፍር ነገር ሲያይ ሲያመሽ፣ ቅዱሱን ምሥጢር የተቀበለ አንደበት የሰው ስም ሲያጠፋ፣ በጸሎት የሚዘረጋ እጅ ጉቦ ሲቀበል የሚፈጸመው በደል ይህን ይመስላል። ኀጢአትን «ድካም ነው» ብለን አቅልለን ከማየታችን በፊት፣ ምን ዓይነት ዕቃ ለምን ዓይነት ነገር እንዳዋልን ማሰብ ይገባናል።

አንዲት ታቦት በሁለት ቤቶች

ፍልስጥኤማውያን ታቦተ ጽዮንን ማርከው በጣዖታቸው በዳጎን ቤት አኖሯት። በነጋታው ዳጎን በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ፤ አንሥተው ቢያቆሙት በሁለተኛው ቀን ራሱና እጆቹ ተቆርጠው ወድቀው ታዩ (1ኛ ሳሙ. 5፥1-5)። ከዘመናት በኋላ ይህችው ታቦት በአቢዳራ ቤት ሦስት ወር ተቀመጠች፤ እግዚአብሔርም አቢዳራንና ቤቱን ሁሉ ባረከ (2ኛ ሳሙ. 6፥10-11)። ታቦቷ አንዲት ናት፤ ልዩነቱ በተቀበላት ቤት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንማራለን። የመጀመሪያው፣ እግዚአብሔርና ጣዖት በአንድ ቤት ጎን ለጎን እንደማይኖሩ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የእግዚአብሔር መቅደስ ከጣዖት ጋር ምንም ስምምነት እንደሌለው ያስተምራል (2ኛ ቆሮ. 6፥16)። ጣዖት ደግሞ የግድ የተቀረጸ ምስል አይደለም። ገንዘብ በልብ መንበር ላይ ሲቀመጥ ጣዖት ይሆናል፤ ሥልጣን፣ ሥጋዊ ፍትወት፣ ዘርንና ቋንቋን ከወንድም ነፍስ በላይ ማክበርም እንዲሁ። «እግዚአብሔርንም አመልካለሁ፤ ይህንንም አልተውም» የሚል ሰው ዳጎንን በየጧቱ እያነሣ የሚያቆም ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ የእግዚአብሔር ማደር በተገቢው ለተቀበለው በረከት፣ ሳይዘጋጅ ለቀረበው ግን ፍርድ መሆኑ ነው። ሐዋርያው ራስን ሳይመረምሩ ወደ ቅዱስ ቍርባን መቅረብን አጥብቆ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥27-29)። ይህ ማስጠንቀቂያ ግን ከቍርባን የሚያርቅ ምክንያት ሊሆን አይገባውም። ብዙዎቻችን ፍርሃትን መክደኛ አድርገን በልጅነት የተቀበልነውን ቅዱስ ምሥጢር ለዓመታት ሳንቀበል እንቆያለን። የሐዋርያው ቃል ራሳችንን መርምረን እንድንቀርብ እንጂ መርምረን እንድንቀር አይልም። ጌታችንም ሥጋውን የበላ ደሙንም የጠጣ በእርሱ እንደሚኖር፣ እርሱም በዚያ ሰው እንደሚኖር ተናግሯል (ዮሐ. 6፥56)። ማኅደረ እግዚአብሔር መሆን ፍጹም የሚሆነው በዚህ ነው።

የተዘጋው መቅደስ ሲከፈት

መቅደስነቱን ያጎደፈ ሰው ምን ያድርግ? ለዚህ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መካከል ከንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አባቱ አካዝ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ዘግቶ ነበር (2ኛ ዜና 28፥24)፤ መብራቱ ጠፍቷል፤ ዕጣኑ ቀርቷል። ሕዝቅያስ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት በመጀመሪያው ወር ደጆቹን ከፈተ፤ ካህናትንና ሌዋውያንንም ሰብስቦ ቤቱን እንዲቀድሱ አዘዛቸው (2ኛ ዜና 29)።

ካህናቱ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብተው ያገኙትን ርኵሰት ሁሉ ወደ አደባባዩ አወጡ፤ ሌዋውያኑም ወስደው ወደ ቄድሮን ወንዝ ጣሉት። ሥራው በአንድ ቀን አላለቀም፤ በወሩ መጀመሪያ ቀን ጀምረው በ16ኛው ቀን ፈጸሙ። አካዝ የጣላቸውንም ዕቃዎች መልሰው ቀደሱ። ከዚያ በኋላ መሥዋዕት ቀረበ፤ መዝሙርም ተሰማ፤ ንጉሡና ሕዝቡም ደስ አላቸው።

የንስሐ ሕይወት ሥርዓትም ይህንኑ ይመስላል። በመጀመሪያ የተዘጋው ደጅ ይከፈታል፤ ይህም ወደ ልብ መመለስና መበደልን ማመን ነው። ቀጥሎ የተከማቸው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ይህም በንስሐ አባት ፊት ሳይሸሽጉ መናዘዝ ነው። በጨለማ ውስጥ ያለ ጕድፍ አይጠረግም፤ በካህን እጅ ወጥቶ መጣል አለበት። ከዚያም ቀኖናን በትዕግሥት መፈጸም ይከተላል፤ ለዓመታት የተከማቸው በአንድ ቀን ባይጠራ ተስፋ መቍረጥ አይገባም። በመጨረሻም መሥዋዕቱ ይቀርባል፤ ንስሐ በሥጋ ወደሙ ይታተማል።

ልብ እንበል፤ ሕዝቅያስ መቅደሱን አላፈረሰውም፤ ሌላ መቅደስም አልሠራም። የተዘጋውና የጎደፈው ያው መቅደስ ነው የተቀደሰው። ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። በኀጢአት የወደቀ ክርስቲያንም «እኔ ከእንግዲህ ፈርሻለሁ» ብሎ ራሱን ሊተው አይገባውም። በሱስ የተያዘ፣ በዝሙት የወደቀ፣ ከቤተ ክርስቲያን ለብዙ ጊዜ የራቀ ወንድም ወይም እኅት ዛሬም በሜሮን የታተመ ነው፤ ደጁ ተዘግቶ ይሆናል እንጂ ቤቱ የእግዚአብሔር መሆኑ አልቀረም።

ባዶ የማይተው ቤት

ጌታችን ርኩስ መንፈስ ከሰው ከወጣ በኋላ ተመልሶ ቤቱን ተጠርጎና አጊጦ፣ ነገር ግን ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ከእርሱ የከፉ ሰባት ይዞ እንደሚገባ አስተምሯል (ማቴ. 12፥43-45)። ክፉ ልማድን መተው ብቻውን አይበቃም፤ በቦታው ሊገባበት የሚገባው ሊገባ ያስፈልጋል። በደብተራ ኦሪት መብራቱ ከማታ እስከ ጧት እንዲበራ፣ ዕጣኑ ጧትና ማታ እንዲታጠን ታዝዞ ነበር (ዘፀ. 27፥20-21፤ 30፥7-8)። መቅደስ በዓመት አንድ ቀን በንግሥ በዓል ብቻ አይገለገልም።

ቤተ ክርስቲያን 7 የጸሎት ጊዜያትን የሠራችልን ለዚህ ነው። ሁሉንም መፈጸም ለማይችል ሰው ነግህና ሠርክን በመያዝ መጀመር ይቻላል። ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ ማድረስ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ ማንበብ፣ አጽዋማትን መጠበቅ፣ ከእንጀራ ላይ ለተራበ ማካፈል የዚህ መቅደስ መብራትና ዕጣን ናቸው። ሊቃውንት ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስና ንጽሐ ልቡና ብለው መንፈሳዊ ሕይወትን በደረጃ ያስተማሩትም ዕድገቱ ቀስ በቀስ ስለሆነ ነው። ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ እንደሚገባ ሁሉ፣ ከሕዋሳት መቈጠብ ተጀምሮ ወደ ልብ ንጽሕና ይደረሳል።

ይህ ትምህርት በተለይ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ላልቻሉት ታላቅ መጽናኛ ነው። በሆስፒታል አልጋ ላይ ያለ ሕሙም፣ በእስር ቤት ያለ ወገን፣ በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራ የበዓል ቀን ፈቃድ የማታገኝ እኅት፣ ማዕተቧን በልብሷ ሸሽጋ በማድቤት ጥግ የምትጸልይ፣ ከእግዚአብሔር ማደሪያ የራቁ አይደሉም። ጳውሎስና ሲላስ በወኅኒ ታስረው በመንፈቀ ሌሊት ሲዘምሩ ያ ወኅኒ የጸሎት ቤት ሆኗል (ሐዋ. 16፥25)። መሄድ የሚችል ሰው ግን ይህን ምክንያት አድርጎ ከቤተ ክርስቲያን ሊቀር አይገባውም። የከበርነው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሥጋ ወደሙን የምናገኘውም በእርሷ ነው። ደግሞም እያንዳንዳችን ብቻችንን የቆምን ግንብ ሳንሆን አንድ ሕንፃ እንድንሆን አብረን የምንሠራ ሕያዋን ድንጋዮች ነን (ኤፌ. 2፥21-22፤ 1ኛ ጴጥ. 2፥5)።

የወንድማችንም ሰውነት መቅደስ ነው

እኔ የእግዚአብሔር ማደሪያ ከሆንሁ፣ አጠገቤ የቆመውም ወንድሜ እንዲሁ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ትምህርቱን በግማሽ ብቻ ይዟል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ስብከቱ፣ በቤተ መቅደስ ክርስቶስን በሐር እያከበሩ በውጭ በብርድና በእርዛት ያለውን ክርስቶስን ችላ ማለት እንደማይገባ አስተምሯል። ለመቅደሱ መጋረጃ መስጠት ቅዱስ ሥራ ነው፤ የታረዘውን ማልበስም ለዚያው ጌታ የሚቀርብ ስጦታ ነው (ማቴ. 25፥40)።

ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል የማያለቅስ ክርስቲያን የለም፤ ማልቀስም ይገባል። ነገር ግን በሜሮን የታተመ ሰው በቋንቋውና በትውልዱ ምክንያት ሲሰደድ፣ ሲደበደብና ሲገደልም የሚፈርሰው የእግዚአብሔር ቤት ነው። ሐዋርያው የእግዚአብሔርን ቤተ መቅደስ የሚያፈርስን እግዚአብሔር እንደሚያፈርሰው ያስጠነቀቀው ስለ ድንጋይ ሕንፃ ሳይሆን ስለ ሰዎች ነው (1ኛ ቆሮ. 3፥17)። ባልም ሚስቱ ላይ እጁን ከማንሣቱ በፊት፣ እናትም ልጇን በስድብ ከማሸማቀቋ በፊት፣ ወጣቱም በማኅበራዊ መገናኛ የጥላቻ ቃል ከመጻፉ በፊት የማን ማደሪያ ፊት እንደቆመ ያስብ። ለታቦት መንገድ የምንለቅቅ ሕዝብ ነን፤ ታቦት የሆነውን ሰውም ልናከብር ይገባናል።

ሐዋርያዊው አባት ቅዱስ አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ ራሱን ቴዎፎሮስ፣ ይኸውም እግዚአብሔርን የተሸከመ፣ ብሎ በመልእክቶቹ ይጠራ ነበር። ይህን ስም ይዞ ነው በሮም ለአራዊት የተሰጠው። እግዚአብሔርን የተሸከመ ሰው ሞት አላስፈራውም፤ አሳዳጆቹንም አልረገመም። ይህ ስም የእርሱ ብቻ አይደለም፤ በጥምቀት የእኛም ሆኗል። ጥያቄው በስሙ መሠረት እየኖርን ነው ወይ የሚለው ነው።

ጌታችን በደጅ ቆሞ ያንኳኳል፤ ድምፁን ሰምቶ ወደሚከፍትለትም ይገባል (ራእ. 3፥20)። የልባችን ደጅ ከውስጥ የሚከፈት ስለሆነ በኃይል አይገባም። ዘኬዎስ ከዛፍ ወርዶ ፈጥኖ በደስታ እንደተቀበለው፣ ከዚያም የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ እንደተነሣ (ሉቃ. 19፥5-8)፣ እኛም ሳንዘገይ ደጃችንን እንክፈት፤ ወደ ንስሐ አባታችን እንቅረብ፤ የጠፋውን መብራት እናብራ። ያን ጊዜ ከመቅደሱ ስንወጣ እግዚአብሔርን ትተን አንወጣም፤ ወደምንሄድበት ሁሉ ይዘነው እንሄዳለን።

በማኅፀኗ የተሸከመችው የእመቤታችን ምልጃ፣ ማደሪያው ሆነው ያለፉ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።